ለ፥ ላ፥ ሌ፤ የፈረንሳይኛ መስተአምር ለጀማሪዎች

አዲስ አበባ የሚኖር ተማሪ ሆኖ ታክሲ ውስጥ ገብቶ «ለገሃር» ያላለ ያለ አይመስለኝም። ይህን ስም በጠራ ቁጥር አንድ የፈረንሳይኛ መስተአምር አብሮ መጥራቱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1917 ነው። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» ይሉት ነበር። «ጋር» የባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ «ላ» ደግሞ እኛ «ጣቢያው» ስንል ከቃሉ መጨረሻ ላይ የምናስቀምጣትን «ው» የምትተካ ናት። ያገራችን ሰው ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ሰማና «ለገሃር» አለ። እንግዲህ «ወደ ለገሃር እሄዳለሁ» የሚል ሰው ሳያውቀው «ወደ ጣቢያው» ብሏል ማለት ነው።

ነገሩን የሚያስቀው፥ ከከተማው በሌላ በኩል ባለው «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» በሚባለው ሰፈር ስም ውስጥ ያለችው «ለ» መስተአምር አለመሆንዋ ነው። እርስዋ የራሱ የ«ሌጋሲዮን» የመጀመሪያ ፊደል ናት። ስለዚህ አንዱን ከመስተአምሩ ጋራ ወሰድን፤ ሌላውን ያለ መስተአምሩ ወሰድን። «ሊሴ» የምንለውንም ትምህርት ቤት እንዲሁ ያለ መስተአምር ነው የወሰድነው። ፈረንሳይኛ የሚጀምር ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያደናግረው ይኸው ነው፤ ስሙ የት ላይ ይጀምራል? ከፊቱ የቆመችው ትንሽ ቃልስ ምን ታደርጋለች? ትተዋት ቢሄዱስ ምን ይጎድላል?

ምን እንደሚጎድል እኔ ከፍዬ ልማረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የመጽሐፉ ነገር

ፈረንሳይኛ በጀመርሁበት ዓመት ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ሁለት መጻሕፍት ተዋስሁ። አንብቤ ስጨርስ ሰዓቱ አልፎ ስለ ነበረ ሁለቱንም የሚመለሱ መጻሕፍት ከሚከተቱበት ሣጥን ውስጥ አስገብቼ ሄድሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ልዋስ ስመጣ መዝገብ የሚይዙት እመቤት «ኤ ሌ ሊቭር?» ብለው ጠየቁኝ። «መጻሕፍቱስ?» ማለታቸው ነው። እኔም ቋንቋ ማወቄን ለማሳየት ቸኩዬ «ዤ ራንዲዩ ለ ሊቭር» አልሁ። «መጻሕፍቱን መልሻለሁ» ያልሁ መስሎኝ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «መጽሐፉን መልሻለሁ» ነው። እመቤቲቱ አንዱን ሰረዙ፤ ሁለተኛው በስሜ ቀረ።

ከአንድ ወር በኋላ የጠፋውን መጽሐፍ ዋጋ እንድከፍል የሚጠይቅ ወረቀት ደረሰኝ። ዋጋው የአንድ ወር የኪስ ገንዘቤን ጠራርጎ የሚወስድ ነበር። ብዙ ከተመላለስሁ በኋላ መጽሐፉ ከማይገባው መደርደሪያ ላይ ተገኘና ነፃ ወጣሁ። በእመቤቲቱ ግን ልፈርድባቸው አልችልም፤ የጻፉት ያልሁትን ነው።

ስሕተቱ ያለው እንዲህ ነው። በፈረንሳይኛ ስም ሲበዛ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው «ኤስ» የሚባለው ፊደል ይጨመርበታል፤ ይጻፋል እንጂ አይነበብም። ስለዚህ አንድ መጽሐፍም «ሊቭር» ነው፤ አንድ ሺህ መጻሕፍትም «ሊቭር» ናቸው። ጆሮ አንዱን ከብዙው የሚለየው ከፊት ባለው መስተአምር ብቻ ነው። «ለ ሊቭር» ሲባል መጽሐፉ፥ «ሌ ሊቭር» ሲባል መጻሕፍቱ። እኛ በአማርኛ «መጽሐፎቹ» ስንል ስሙ ራሱ ብዛቱን ይናገራል፤ ፈረንሳዮች ግን ይህን ሥራ ለመስተአምር ሰጥተውታል። የመስተአምሩን ድምፅ ያበላሸ ሰው ቁጥሩን አበላሸ።

ፊደላችን የሠራልን ሥራ

ያን ሰሞን ተናድጄ ሦስቱን መስተአምሮች በደብተሬ ላይ በአማርኛ ፊደል ስጽፋቸው አንድ ነገር ታየኝ። ለተባዕታይ ነጠላ «ለ»፥ ለአንስታይ ነጠላ «ላ»፥ ለሁለቱም ጾታ ብዙ «ሌ»። ይህ እኮ ከሕፃንነታችን ጀምሮ «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» እያልን የቆጠርነው ነው! ግዕዙ ተባዕታይ፥ ራብዑ አንስታይ፥ ኃምሱ ብዙ። የላቲን ፊደል አናባቢውን ለብቻው ስለሚጽፈው ልዩነቱ ለጀማሪ ዓይን አይጎላም፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱን ድምፅ መልክ ሰጥቶ ያስቀምጠዋል። «ለ»ን እና «ሌ»ን የሚያምታታ አማርኛ አንባቢ የለም። እኔ ያምታታሁት ቃሉን በእንግሊዝኛ ዓይን አይቼ ስላነበብሁት ነው።

ይህ ግዕዝና ኃምስ ሌላም ቦታ ይረዳል። «ደ» እና «ዴ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ወደ ኋላ እንመጣባቸዋለን። «ዠ» ሲሆን «እኔ» ነው፤ «ዤ» ሲሆን «አለኝ» ነው፤ ያለፈ ድርጊት ለመናገርም የሚያገለግለው ይኸው «ዤ» ነው።

ፊደላችን የማይበቃባቸው ድምፆችም አሉ፤ እነዚህን ከመምህር አፍ መስማት ያስፈልጋል። ያልታወቀ ነገር ሲነገር ለተባዕታይ «ኧን» እንላለን፤ «ን»ዋ ግን ምላስ የማይነካት፥ በአፍንጫ ብቻ የምትወጣ ናት። ለአንስታይ «ኢዩን» ብዬ የጻፍሁትን ለማንበብ ደግሞ ከንፈርን «ኡ» ለማለት አሹሎ «ኢ» ማለት ነው። «ዲዩ» ብዬ የምጽፈውም እንዲሁ ይነበባል።

የታወቀና ያልታወቀ

መስተአምር ሦስት ነገር ይናገራል፤ ጾታን፥ ቁጥርን፥ ደግሞም የሚነገረው ነገር ለሰሚው የታወቀ መሆኑን ወይም አለመሆኑን። ሦስተኛው ብዙ ሰው ከባድ ነው የሚለው ነው። እኔ ግን አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ይህን ከጡት ጋራ የጠባው ነው እላለሁ። አያቶቻችን ተረት ሲጀምሩ እንዴት እንደሚሉ አስቡ።

«አንድ ንጉሥ ነበረ። ንጉሡ አንዲት ልጅ ነበረችው። ልጅቷ...»

በፈረንሳይኛ፦

«ኢል ያቬ ኧን ሯ። ለ ሯ አቬ ኢዩን ፊይ። ላ ፊይ...»

ንጉሡ መጀመሪያ ሲመጣ እንግዳ ነው፤ «አንድ» ይባላል፤ «ኧን»። ሁለተኛ ሲጠራ አውቀነዋል፤ «ንጉሡ» ይሆናል፤ «ለ ሯ»። ልጅቷም እንዲሁ በ«አንዲት» ገብታ በ«ቷ» ትቀጥላለች፤ «ኢዩን ፊይ»፥ «ላ ፊይ»። የፈረንሳይኛው «ኧን» እንደ አማርኛው «አንድ» ቁጥርም ነው። የታወቀ መስተአምሩ «ለ» እና «ላ» ደግሞ በላቲን «ያ» እና «ያቺ» ከሚሉት ጠቋሚ ቃላት የተወለዱ ናቸው። ላቲን ራሱ መስተአምር አልነበረውም፤ የእኛም ግዕዝ ራሱን የቻለ መስተአምር የለውም። ልጆቻቸው ናቸው ያወጡት።

አሁን የዚህን ጽሑፍ ዋና ምክር ልናገር፤ ወደ ፈረንሳይኛ መስተአምር በእንግሊዝኛ በር አትግቡ። አብዛኞቻችን የተማርነው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ አዲስ ቋንቋ ሲመጣ ሳናስበው በዚያው እንገባለን። የእንግሊዝኛው የታወቀ መስተአምር ግን ጾታም ቁጥርም አያውቅም። አማርኛ «ንጉሡ» እና «ልጅቷ» ብሎ ይለያል፤ ፈረንሳይኛም ይለያል። እንግሊዞች «እኔ አንድ ተማሪ ነኝ» ሲሉ እኛ «ተማሪ ነኝ» እንላለን፤ ፈረንሳዮችም «ዠ ስዊ ኤቲዩዲያን» ይላሉ፤ ሥራን ሲናገሩ መስተአምር አይጨምሩም። ስንቱ ተማሪ ነው ያልተፈለገ «ኧን» እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ተበድሮ የሚያገባው!

በአማርኛ በር ለሚገባ ሰው አንድ ቀላል መፈተኛ አለው። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ አስቡና ተሳቢው ስም ላይ «ን» መኖርዋን ተመልከቱ።

«ውሃ ጠጣሁ» ካላችሁ «ዤ ቢዩ ደ ሎ» ነው።
«ውሃውን ጠጣሁ» ካላችሁ «ዤ ቢዩ ሎ» ነው።
«መጽሐፍ ገዛሁ» ካላችሁ «ዤ አሽቴ ኧን ሊቭር» ነው።
«መጽሐፉን ገዛሁ» ካላችሁ «ዤ አሽቴ ለ ሊቭር» ነው።

«ውን» ወይም «ዋን» ከመጣ የታወቀ መስተአምር፥ ስሙ ራቁቱን ከቆመ ሌላው መስተአምር። ይህ ከሁለት ሦስተኛ ስሕተት ያድናል ብዬ በቁጥር ባልምልም፥ እኔን ከብዙ ቀይ ቀለም አድኖኛል።

አማርኛ የሚያታልልበት ቦታ

ነገር ግን የአማርኛ በር እስከ መጨረሻው አያደርስም። በአማርኛ ስም ራቁቱን ሊቆም ይችላል፤ በፈረንሳይኛ ግን ስም ያለ መስተአምር ከቤት አይወጣም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እኛ ባዶ ስም የምንልበት ቦታ ሁሉ ፈረንሳይኛ «የትኛው ባዶ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን በቡና ላሳይ፤ ከቡና የተሻለ ምሳሌ ለእኛ የለም።

አንደኛ፤ «ቡና እወዳለሁ»። እዚህ ላይ የምንናገረው ስለ አንድ ስኒ ወይም ስለ አንድ ጀበና አይደለም፤ ቡና ስለሚባለው ነገር በጠቅላላው ነው። ፈረንሳይኛ እንዲህ ያለውን ጠቅላላ ነገር እንደ ታወቀ ይቈጥረዋል። «ዤም ለ ካፌ» ይላል። መውደድ፥ መጥላት፥ ማስበለጥ የሚሉ ግሦች ሁሉ በልማድ ይህን መስተአምር ይፈልጋሉ። «ሰው ሟች ነው» ስንልም ስለ ሰው ዘር ሁሉ ስለ ሆነ «ሎም ኤ ሞርቴል» ነው።

ሁለተኛ፤ «ቡና እጠጣለሁ»። በዓለም ያለውን ቡና ሁሉ እጠጣለሁ ማለት አይደለም፤ ከቡና ጥቂቱን ነው። ለዚህ ፈረንሳይኛ ሦስተኛ ዓይነት መስተአምር አለው፤ ከፋይ መስተአምር እንበለው። «ዠ ቧ ዲዩ ካፌ»። ለተባዕታይ «ዲዩ»፥ ለአንስታይ «ደ ላ»፥ አናባቢ ሲከተል «ደ ል» ነው። ውሃው «ደ ሎ» የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ትርጉሙ «ከ... ጥቂት» ይመስላል፤ ሊቆጠር የማይችለውን ነገር ሁሉ ይይዛል፤ ዳቦን፥ ሥጋን፥ ገንዘብን፥ ድፍረትን ጭምር።

ሦስተኛ፤ ቡና ቤት ገብታችሁ አሳላፊውን «አንድ ቡና» ስትሉ ስኒው ይቆጠራልና «ዠ ቩድሬ ኧን ካፌ»።

አራተኛ፤ «ቡና አልጠጣም»። «ኧን»፥ «ኢዩን»፥ «ዲዩ»፥ «ደ ላ»፥ «ዴ» ሁሉ በአሉታ ጊዜ ወደ «ደ» ይጠቃለላሉ። «ዠ ነ ቧ ፓ ደ ካፌ»። የሌለ ነገር አይከፋፈልም ብላችሁ አስታውሱት። ነገር ግን «ለ»፥ «ላ»፥ «ሌ» በአሉታም አይነቃነቁም፤ «ቡና አልወድም» ሲሆን «ዠ ኔም ፓ ለ ካፌ» ነው። እንዲሁም ዓረፍተ ነገሩ «ይህ ቡና አይደለም» የሚል ከሆነ መስተአምሩ ባለበት ይቀራል፤ ያለውን ነገር ምንነት እንጂ መኖሩን አልካድንምና፤ «ስ ኔ ፓ ዲዩ ካፌ»።

አምስተኛ፤ መጠን ሲነገር። «አንድ ኪሎ ቡና»፥ «ኧን ኪሎ ደ ካፌ»። «ብዙ መጻሕፍት»፥ «ቦኩ ደ ሊቭር»። ከመጠን ቃል በኋላ «ደ» ብቻ ትበቃለች።

ይህ ልዩነት ለሰዋስው መምህር ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። ሰው ቤት ተጋብዛችሁ «ዳቦ በላሁ» ለማለት «ዤ ማንዤ ዲዩ ፔን» ብትሉ ጨዋ እንግዳ ናችሁ። «ዤ ማንዤ ለ ፔን» ብትሉ ግን በገበታው ላይ የነበረውን ዳቦ ጨረስሁት ማለታችሁ ነው። ባለቤቲቱ ወደ መሶቡ ብታይ አትፍረዱባት።

እዚህ ላይ «ዴ»ን አንርሳ። «መጻሕፍት ገዛሁ» ስንል አማርኛም እንግሊዝኛም ስሙን ባዶ ይተዉታል። ፈረንሳይኛ ግን የ«ኧን» እና የ«ኢዩን» ብዙ አለው፤ «ዤ አሽቴ ዴ ሊቭር»። ይህች «ዴ» ለእኛ ባዕድ ስለ ሆነች በጣም የምትረሳው እርስዋ ናት።

ጾታ፤ ክርክር የማይገባበት

በአማርኛ ጾታ ለተናጋሪው ፈቃድ ይተዋል። «መኪናው» እንላለን፤ ስንወዳት «መኪናዋ» እንላለን። ትንሽ ቤት ሲሆን «ቤቷ» ብንል ማንም አይቆጣንም። በፈረንሳይኛ እንዲህ ያለ ነፃነት የለም። ጠረጴዛ ሁልጊዜ አንስታይ ነው፤ «ላ ታብል»። ቢያንስም ቢገዝፍም፥ ቢወደድም ቢጠላም ያው ነው። ፀሐይ በእኛ ዘንድ «ወጣች» ትባላለች፤ በእነርሱ ዘንድ ተባዕታይ ነው፤ «ለ ሶሌይ»። ጨረቃ በሁለታችንም ዘንድ አንስታይ ናት፤ «ላ ሊዩን»። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

አንዳንድ ጊዜ ጾታው ትርጉሙን ጨርሶ ይለውጠዋል። «ለ ሊቭር» መጽሐፍ ነው፤ «ላ ሊቭር» ግን የገንዘብ ፓውንድ ወይም የግማሽ ኪሎ ሚዛን ነው። «ለ ቱር» ዙር ነው፤ «ላ ቱር» ግንብ ነው፤ በ1889 በፓሪስ የተመረቀው የኤፌል ግንብ «ላ ቱር ኤፌል» ነው። «ለ ፖስት» የሥራ ቦታ፥ «ላ ፖስት» የፖስታ አገልግሎት ነው።

ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አንድ ነው፤ ስምን ብቻውን አትያዙ። በደብተራችሁ ላይ «ታብል፥ ጠረጴዛ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግማሹን ነው የጻፋችሁት። «ኢዩን ታብል» ብላችሁ ጻፉ። ለምን «ላ ታብል» አላልሁም? ምክንያቱን ቀጥሎ ታያላችሁ። ደግሞም የቃሉ ጅራት ይመራል። በ«ሲዮን»፥ በ«ቴ»፥ በ«ኤት» የሚያልቁ ስሞች አብዛኛዎቹ አንስታይ ናቸው። በ«ማን»፥ በ«አዥ»፥ በ«ኢዝም» የሚያልቁት አብዛኛዎቹ ተባዕታይ ናቸው። «አብዛኛዎቹ» ማለቴን አስተውሉ፤ «ላ ፓዥ» (የመጽሐፍ ገጽ) እና «ላ ፕላዥ» (የባሕር ዳር) በ«አዥ» አልቀው አንስታይ ናቸው።

ሲገናኙ

የታወቀው መስተአምር ከአናባቢ ፊት ሲቆም አናባቢውን ያጣል፤ «ለ»ም «ላ»ም «ል» ትሆናለች፤ ከስሙ ጋራም ትጣበቃለች። «ኤኮል» ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱ «ሌኮል» ነው። «አሚ» ወዳጅ ነው፤ ወዳጁ «ላሚ» ነው። እንግዲህ ፊደላችን እዚህ ላይ ሊያታልል መሆኑን አስታውሱ። «ሌኮል» በ«ሌ» ስለ ጀመረ ብዙ አይደለም፤ «ላሚ»ም በ«ላ» ስለ ጀመረ አንስታይ አይደለም። አናባቢዋ የስሙ ናት እንጂ የመስተአምሩ አይደለችም። ብዙ ሲሆን ከመካከል «ዝ» ትሰማለች፤ «ሌ ዜኮል» ትምህርት ቤቶቹ፥ «ሌ ዛሚ» ወዳጆቹ። «ኧን» ደግሞ «ን»ዋን ታውሳለች፤ «ኧ ናሚ»። ስምን በ«ኧን» ወይም በ«ኢዩን» አጥኑ ያልሁት ስለዚህ ነው፤ «ሌኮል» ጾታውን ይደብቃል፤ «ኢዩን ኤኮል» ግን ይገልጠዋል።

የማይነበበው «አሽ» የሚባለው ፊደል ሌላ ጣጣ አለው። በእርሱ ከሚጀምሩ ስሞች አንዳንዶቹ ይህን መጣበቅ ይቀበላሉ፤ «ሎም» (ሰውየው)፥ «ሌ ዞም» (ሰዎቹ)። አንዳንዶቹ አይቀበሉም። ጀግና «ኤሮ» ነው፤ ጀግናው «ለ ኤሮ»፥ ጀግኖቹ «ሌ ኤሮ»። አንድ ተማሪ የአርበኞችን ገድል ሲያነብብ በልማድ «ዝ» ቢያስገባ «ሌ ዜሮ» ይሆንበታል፤ ዜሮዎቹ ማለት ነው! ለጀግና ክብር ስንል እንኳ ይህን እናጥና።

እንዲሁም መስተዋድድ ከመስተአምር ጋራ ይዋሐዳል። እኛ «የአገር» ማለትን «ያገር» እንደምናደርገው፥ «ደ» እና «ለ» ሲገናኙ «ዲዩ»፥ «ደ» እና «ሌ» ሲገናኙ «ዴ»፥ «አ» («ወደ» ወይም «በ» የሚለው) ከ«ለ» ወይም ከ«ሌ» ጋራ ሲገናኝ «ኦ» ይሆናሉ። «ላ» እና «ል» ግን አይዋሐዱም። ስለዚህ «ወደ ገበያው» «ኦ ማርሼ» ሲሆን «ወደ ጣቢያው» «አ ላ ጋር» ነው።

አገሮችም መስተአምር አላቸው። «ላ ፍራንስ»፥ «ሌትዮፒ» (ኢትዮጵያ፥ አንስታይ ናት)፥ «ለ ዣፖን»፥ አሜሪካ ብዙ ስለ ሆነች «ሌ ዜታ ዚዩኒ»። ፈረንሳይኛን ከዓረብኛ ጋራ የመንግሥት ቋንቋ ያደረገችው ጎረቤታችን ጅቡቲ ግን ያለ መስተአምር ነው የምትጠራው። ከተሞች በልማድ መስተአምር አይይዙም፤ ካይሮ ግን «ለ ኬር» ስለምትባል «ወደ ካይሮ» «ኦ ኬር» ነው።

ራሳችሁን ፈትኑ

ከዚህ በታች ያሉትን መልሱን ሳታዩ ወደ ፈረንሳይኛ መልሱ። ቃላቱ፦ ሙዚቃ «ሚዩዚክ» (አንስታይ)፥ ገንዘብ «አርዣን» (ተባዕታይ)።

1. አንዲት ልጅ መጣች። ልጅቷ መጽሐፍ ነበራት።
2. ሙዚቃ እወዳለሁ።
3. ገንዘብ አለኝ።
4. ገንዘብ የለኝም።
5. መጻሕፍቱን መልሻለሁ።

መልስ፦
1. ኢዩን ፊይ ኤ ቨኒዩ። ላ ፊይ አቬ ኧን ሊቭር።
2. ዤም ላ ሚዩዚክ።
3. ዤ ደ ላርዣን።
4. ዠ ኔ ፓ ዳርዣን።
5. ዤ ራንዲዩ ሌ ሊቭር።

ሦስተኛውና አራተኛው የተማሪ ኑሮ ናቸው፤ በወሩ መጀመሪያ ሦስተኛው፥ በወሩ መጨረሻ አራተኛው ይነገራል። አምስተኛው ግን የእኔ ነው። ያን ቀን «ለ»ን በ«ሌ» ብለውጣት ኖሮ ወረቀቱም አይመጣ፥ እኔም አልመላለስ ነበር።

ለመሰናበቻ አንድ ነገር ይቀረኛል። ጣቢያ በፈረንሳይኛ አንስታይ ናት፤ «ላ ጋር» ናት እንጂ «ለ ጋር» አይደለችም። እኛ ግን «ለገሃር» ብለን ራብዑን ወደ ግዕዝ ስንመልሰው ከጅቡቲ የመጣችውን እመቤት ወንድ አድርገናታል። በአማርኛ ስትሆን የእኛ ናትና እንደ ወደድን እንጠራታለን። ፈረንሳይኛ ፈተና ላይ ስትሆን ግን፥ ጓደኞቼ፥ አደራችሁን፥ «ላ» በሏት።